ቁስሉ ያልተሰማው ማኅሌታይ

እሑድ ሊነጋ ሲል ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ የሚሻገር መንገደኛ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚወጣውን የማኅሌት ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ከበሮው ይመታል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ መቋሚያውም ከዜማው ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። ብዙዎቻችን፣ ተማሪዎችም የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችም፣ ድምፁን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ለመድነው ምንጩን አንጠይቅም። ዛሬ የዚህን ዜማ አባት የቅዱስ ያሬድን ሕይወት ባጭሩ እንመለከታለን።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቱ ታውክሊያ በአክሱም ጽዮን ያስተምር ለነበረው ለወንድሟ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ልጁ ግን ትምህርት አልገባ አለው። መምህሩ ቢገርፈው ኮብልሎ ሄደ። በመንገድም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ፍሬው ለመድረስ ሲወጣ፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲወጣ፣ በመጨረሻም ሲደርስ አየ። ከትል አንሶ መገኘቱ አሳፈረውና ተመልሶ መምህሩን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ብሉይና ሐዲስ ተምሮ ዲቁና ተቀበለ።

ገድሉ እንደሚተርከው ሦስት ወፎች ከገነት መጥተው ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ሲመለስም የሰማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ አዜመ።

አንድ ቀን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በማኅሌታዩ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ፤ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም። ዜማው ሲያበቃ ንጉሡ ደሙን አይቶ ደነገጠ፤ ስለ ደሙ ዋጋም የፈለገውን እንዲጠይቅ ማለለት። ያሬድ ርስትም ሹመትም አልጠየቀም፤ ከዓለም ተለይቶ ይኖር ዘንድ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡ ቢያዝንም መሐላውን አላፈረሰም። ሹመት በሚያስመኝ ዕድሜ ላይ ላለነው ለእኛ ይህ ልመና ከጦሩ ይልቅ የሚወጋ ነው።

እንዲህ ያለ ተመስጦ በሌላም ሀገር ይነገራል። በ16ኛው ምዕት ዓመት በህንድ የነበረችው የራጅፑት ልዕልት ሚራባይ የቤተ መንግሥት ክብሯን ትታ ለክሪሽና ስትዘምር ኖረች፤ በመጨረሻም በድዋርካ መቅደስ ከአምላኳ ምስል ጋር ተዋሕዳ ተሰወረች ይባላል። ያሬድም በሰሜን ተራሮች ሲያስተምርና ሲጸልይ ኖሮ ግንቦት 11 ቀን ተሰወረ ይባላል። ነገር ግን በሚራባይ መዝሙር ነፍስ እንደ ሙሽራ ከአምላኳ ጋር አንድ መሆንን ትናፍቃለች፤ በያሬድ ዜማ ሰው ሰውነቱን ሳይለቅ ከመላእክት ጋር ለምስጋና ይቆማል።

ገድሉ የተጻፈው ከያሬድ ዘመን ብዙ ቆይቶ ስለ ሆነ ሊቃውንት በታሪኩ ዝርዝር ይከራከራሉ። በስሙ የሚጠሩት ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ግን በእጃችን አሉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት እንዳበጁላቸው ይነገራል። ድጓ ለመማር የሚገባ ተማሪ ዛሬም ብዙ ዓመት ይደክማል፤ ይወድቃል፤ ይነሣል። ያሬድን ወደ ሰማይ ያወጣው ተመስጦ ቢሆን፣ ዜማውን ከዘመን ወደ ዘመን አሻግሮ ለእኛ ያደረሰው ያ ከትሉ የተማረው ትጋት ነው።