ማሲንቆና ጎርፍ

በ2014 ዓ.ም ክረምት ለዘመድ ለቅሶ ዳንግላ ሄጄ ነበር። የአዊን ክረምት ያየ ያውቀዋል። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ዝናቡ አንዴ ከያዘ መልቀቂያም የለው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ቤት ውስጥ ይከማቻል። ሥራ ስፈታ የአባቴን የወረቀት ሣጥን ማገላበጥ ጀመርኩ። ከውርስና ከግብር ደረሰኝ ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አገኘሁ። “ታሪክና ምሳሌ” ነበር። ታላቅ ወንድሜ የተማረበት፣ እኔም ፊደል ለይቼ ማንበብ ስጀምር የኔ ያደረግኩት መጽሐፍ ነው።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ አንባብያን የጸሐፊውን ስም ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ከበደ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም መንዝ ተወለዱ። በቤተ ክህነት ትምህርት ጀምረው አዲስ አበባ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ጠንቅቀው ተማሩ። የጣሊያን ወረራ ትምህርታቸውን አቋረጠባቸው። ጠላት ሲወጣ አገሪቱ ትምህርት ቤት ከፍታ መጽሐፍ ያጣችበት ጊዜ ነበርና፣ እሳቸው በጋዜጣና በሬዲዮ ከዚያም በትምህርት ሚኒስቴር እየሠሩ ለሕፃናት መጻፍ ያዙ። ሦስቱ የ“ታሪክና ምሳሌ” መጻሕፍት የዚህ ፍሬ ናቸው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከኤዞፕና ከላፎንቴን ወገን የሆኑትን የአውሬና የሰው ተረቶች ወስደው፣ ቤት የሚመታ፣ ልጅ በቃሉ የሚይዘው አማርኛ አደረጓቸው። ተረቱን የሰማ ከፈረንጅ አገር መጣ ብሎ አይጠረጥርም፤ እዚሁ እሳት ዳር የተወለደ ይመስላል። እኚሁ ሰው ሼክስፒርን ተርጉመው “ሮሚዎና ዡልየት”ን አቀረቡልን። “ጃፓን እንደምን ሠለጠነች” ብለው ጻፉ። “አኒባል”ን የመሰሉ ተውኔቶች ደረሱ፤ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን መሩ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይሁንና ከዚህ ሁሉ በየቤቱ የገባው የልጆቹ መጽሐፍ ነው። ሚኒስትሩም፣ ዳኛውም፣ ነጋዴውም የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ትምህርት ከእሳቸው ተቀበለ።

አብዮቱ መጣ። የደርግ መንግሥት መኖሪያ ቤታቸውን ወረሰው። አገር ያስነበቡት ሰው የመጨረሻ ዘመናቸውን አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል ክፍል አሳለፉ። በእርጅናቸው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በኅዳር 1991 ዓ.ም በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። ክብሩ ደርሷል፤ ቤቱ ግን አልተመለሰም። በሕግ ትምህርት ቤት ንብረትን በካሣ መውሰድና መውረስ እንደሚለያዩ ተምሬአለሁ። ለአንድ የልጆች ጸሐፊ ግን ልዩነቱ አጭር ነው። ማታ የሚመለሱበት በር አለ ወይስ የለም?

ከሥራዎቻቸው ሁሉ እኔን የሚያሳድደኝ የአዝማሪው ግጥም ነው። መንገደኛ አዝማሪ ወንዝ ሞልቶበት መሻገር ያቅተዋል። ጎርፉ ደስ ብሎት እንዲጎድልለት ማሲንቆውን አውጥቶ ያሞግሰው ጀመር። አንድ ሰው መጣና ታዝቦ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ከዚያም ያመሰገነው ውኃ ቀድሞ እንዳለፈ፣ ቦታውን የያዘውም ሌላ እንደሆነ፣ እሱም ሳይሰማ እንደሚያልፍ ነገረው። ሰሚ ለሌለው መዝፈን ድካም ብቻ ነው። እኔም ሕግ ይከበር፣ ዳኛ ነፃ ይሁን እያልኩ በጋዜጣ ላይ ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ባለሥልጣኑ ይለወጣል፤ ያመሰገንኩትም የነቀፍኩትም አልፎ ሌላው ይተካል። አንዳንድ ሳምንት ጽሑፌን ከላክሁ በኋላ ማሲንቆዬን የያዝኩ ይመስለኛል።

ያን ቀን ዳንግላ ቤት ውስጥ የወንድሜን የልጅ ልጅ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ አጠገቤ አስቀምጬ ይህንኑ ግጥም አነበብኩላት። በአክብሮት ሰማችኝ፤ ፊቷ ግን አልፈታም። የምትማረው በአዊኛ ነው። አያቷ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ያነበብኩትን በራሳቸው ቋንቋ ሲነግሯት ግን ልጅቱ በሳቅ ወደቀች። የአያቷን እጅ ይዛ ድገሚልኝ አለቻቸው። እኔ ያልቻልኩትን አያት ቻሉ።

ከበደ ሚካኤልም ያደረጉት ይህንኑ አይደለም? በሩቅ ቋንቋ የነበረውን ተረት በልጁ አፍ አስገቡለት። ዛሬ በአዊ ብሔረሰብ ዞን በአዊኛ የሚማር ልጅ የመማሪያ መጽሐፍ ሊኖረው ይችላል፤ እያገላበጠ የሚስቅበት፣ ሥዕል ያለው፣ ማታ የሚነበብለት መጽሐፍ ግን ስንት ቤት አለ? “ታሪክና ምሳሌ”ን በአዊኛ ማሳተም ያን ያህል የሚከብድ ሥራ አይደለም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው፤ ተረት አዋቂ አያቶችም ገና አልጠፉም፤ ሠዓሊም አይታጣም።

አንድ ነገር ግን በሕግ ሰውነቴ ላሳስብ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የከበደ ሚካኤል ሥራዎች እስከ 2041 ዓ.ም ድረስ ባለመብት አላቸው ማለት ነው። ማን ይከለክለናል ብሎ እያባዙ መሸጥ፣ በስልክ መቀባበል፣ ሳያስፈቅዱ መተርጎም ሁለተኛ ውርስ ነው። ቤታቸውን በወሰድንባቸው ሰው መጽሐፍ ላይ ይህን መድገም አይገባንም። ወራሾችን ፈልጎ፣ ውል ተዋውሎ፣ ድርሻቸውን ከፍሎ ማሳተም ይቻላል።

ከዳንግላ ስመለስ መጽሐፉን ይዤው ልመጣ አስቤ ነበር። ተውኩት። አሁን ያለው አያትየው ዘንድ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉና አዝማሪው በአዊኛ ይወራሉ። እዚያ ቤት ቢያንስ አንድ ሰሚ አለ።