ገብረ ክርስቶስ ደስታ እና «ረቂቅ» ሥዕል

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከቤተ ክህነት ሰው ከአለቃ ደስታ ነገዎ ተወለደ። የጀመረውን የግብርና ትምህርት ትቶ በ1957 ወደ ጀርመን ተሻገረ፤ በኮሎኝም ሥዕል ተማረ። ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ጀመር፤ በ1963 ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ፤ በ1965 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ።

ሽልማቱ ግን ክርክሩን አልዘጋውም። ቅርጽ አልባ ሥራዎቹ ባዕድ፣ ከአውሮፓ የተቀዱ ናቸው የሚለው ነቀፋ ተከትሎታል። የሚገርመው፣ የአገር ናፍቆትን በሚያሰማው «ሀገሬ» በተሰኘው ግጥሙ ኢትዮጵያዊነቱን የሚጠራጠር አለመኖሩ ነው። ክሱ በሸራው ላይ ብቻ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ክሱ ከስሙ ጀምሮ መመርመር አለበት ይላል። አብስትራክት የሚለውን የአውሮፓ ቃል በአማርኛ «ረቂቅ» ብለነዋል። የአውሮፓው ቃል ከነገሩ ተነጥሎ የወጣ ማለት ነው፤ «ረቂቅ» ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የ«ግዙፍ» ተቃራኒ ሆኖ፣ ዓይን የማያየውንና እጅ የማይዳስሰውን፣ ነፍስንና መላእክትን ይገልጻል። (ሕግ ሳይጸድቅ የሚሰጠው ስያሜ ሌላ ጉዳይ ነው።) የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ከዚሁ ችግር ጋር ታግሏል፤ አካል የሌለውን መልአክ ለማሳየት ፊትና ክንፍ ሰጥቶታል። እንግዲህ የማይታየውን እንዴት እንሣል የሚለው ጥያቄ በአገሩ የቆየ ነው፤ ገብረ ክርስቶስ የለወጠው መልሱን ነው። በ1963 በሣለው «ጎልጎታ» ጉዳዩ ስቅለት ሆኖ ሳለ ሕማሙን የሚሸከመው ከትረካው ይልቅ ቀዩ ቀለም ነው። ከዚህ ተነሥቶ ክቡንና መስመሩን ሁሉ ነገረ መለኮት ማድረግ አይገባም፤ አንዳንዱ ክብ ክብ ብቻ ነው። ነገር ግን የኮሎኝን ትምህርት ብቻ እያዩ ሥራውን በተውሶ መፈረጅ የአባቱን ቤት መዝለል ይሆናል።

ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለቆ በጀርመን በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ግዛት፣ በላውተን ከተማ አረፈ። በጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥራዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ።