ከአዲስ አበባ እስከ አል አይን፦ የሰር ዊልፍሬድ ቴሲጀር ካሜራ

ሳዲያት ደሴት፣ አቡ ዳቢ — የሉቭር አቡ ዳቢና የዛይድ ብሔራዊ ሙዚየም ሕንፃዎች በቆሙበት በሳዲያት ደሴት ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው፣ ከነዳጅ ዘይት በፊት የነበረችውን አቡ ዳቢ በዓይነ ኅሊናው መሳል አይቀለውም። የዚያን ዘመን ገጽታ በፎቶግራፍ ካቆዩት ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው ተጓዥ ሰር ዊልፍሬድ ቴሲጀር በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። የትውልድ ሥፍራቸው አዲስ አበባ ነው።

ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1910 አባታቸው የብሪታንያ ሚኒስትር ሆነው ባገለገሉበት ሌጋሲዮን ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው የሰገሌ ድል አድራጊዎች በሰልፍ ሲያልፉ ያዩት ትዕይንት ዕድሜ ልካቸውን ከአእምሯቸው አልጠፋም። በ1930 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ በግል ተጋብዘው ተገኙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአዋሽን ወንዝ ተከትለው፣ በአፋር ምድር አልፈው፣ ወንዙ እስከሚያበቃበት እስከ አቤ ሐይቅ ዘለቁ። በ1941 ደግሞ በጎጃም በኩል ጣሊያንን ተዋግተዋል።

ወደ ዓረቢያ ያመጣቸው የአንበጣ መራቢያ ሥፍራዎችን የማጥናት ሥራ ነበር፤ ሥራው ግን ለጉዞ ጥሩ ሰበብ ሆነላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙባረክ ቢን ለንደን ብለው ከሰየሟቸው ከበዱ ጓደኞቻቸው ጋር ሩብ አል ኻሊን ሁለት ጊዜ በግመል አቋረጡ። ላይካ ካሜራቸውን ከአሸዋ የሚጠብቁት በፍየል ቆዳ ከረጢት ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ በማርች 1948 አቡ ዳቢ ላይ አበቃ። የማቅታን ጥልቀት የሌለው ውኃ ተሻግረው ወደ ደሴቲቱ ገቡ፤ የቀስር አል ሆስን ግንብንም በካሜራቸው አስቀሩ። ከዚያም ወደ አል አይን አቅንተው በሙወይጂ ግንብ የሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን እንግዳ ሆኑ። የአካባቢው አስተዳዳሪ የነበሩት ሼክ ዛይድ ከሰዎቻቸው ጋር በአሸዋ ላይ ተቀምጠው አቤቱታ ያዳምጡ ነበር። ቴሲጀር ከእርሳቸው ጋር በጭልፊት አድነዋል፤ ፎቶግራፍም አንስተዋቸዋል።

ቴሲጀር መኪናና ነዳጅ የበዱን ሕይወት ያጠፋሉ የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። በ1977 ሲመለሱ ባዩት ለውጥ ክፉኛ አዘኑ። ሐዘናቸው ግን የተጓዥ ሐዘን ነበር። እርሳቸው ረሃቡንና ጥማቱን ወደውና መርጠው የገቡበት፣ በፈለጉም ጊዜ ትተውት የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ጓደኞቻቸው ያ ምርጫ አልነበራቸውም። ሐኪም፣ ትምህርት ቤትና የቧንቧ ውኃ ሲመጣ የበዱ ቤተሰቦች በደስታ መቀበላቸው ሊያስገርም አይገባም።

ቴሲጀር በ2003 በ93 ዓመታቸው አረፉ። ከ38,000 የሚበልጡ የፎቶግራፍ ነጋቲቮቻቸው በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ፤ የኢትዮጵያ ደጋዎችና የዓረቢያ በረሃ በአንድ ስብስብ ተቀምጠዋል። ከአቡ ዳቢና ከአል አይን ሥራዎቻቸው የተመረጡት በአል አይን አል ጃሂሊ ግንብ በስማቸው በተዘጋጀው ቋሚ ኤግዚቢሽን ለጎብኚዎች ቀርበዋል።