ኪት ደክዎርዝና በራሱ የሚተነፍሰው ሞተር

ከ1967 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በፎርሙላ አንድ የመኪና ውድድር 155 ጊዜ ያሸነፈው ሞተር የተወለደው ከታላላቆቹ የመኪና ፋብሪካዎች በአንዱ ውስጥ አልነበረም። የተሠራው በእንግሊዝ አገር በኖርዝሃምፕተን ከተማ በሚገኝ አነስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ የንድፉ ባለቤት ኪት ደክዎርዝ ይባላል። የዚህ ሰው ሕይወት ለመሐንዲስ ትምህርት የሚሆነው ብዙ ድል ስላገኘ ብቻ አይደለም። ድሉ ከእጁ በወጣበትም ጊዜ ክርክሩን በስሌት ላይ አጽንቶ በመቆየቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደክዎርዝ ኦገስት 10 ቀን 1933 በላንካሽር አውራጃ በብላክበርን ከተማ ተወለደ። የውትድርና ግዴታውን በአየር ኃይል ሲወጣ የአብራሪነት ሥልጠና ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን አልዘለቀበትም። ከዚያ በኋላ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ምሕንድስና አጥንቶ በ1955 ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ሎተስ በተባለው የእሽቅድምድም መኪና ድርጅት ተቀጠረና ደጋግሞ ይሰበር የነበረውን ካምቢዮ እንዲያስተካክል ታዘዘ። መርምሮ የደረሰበት ውጤት ግን አሠሪውን የሚያስደስት አልሆነም፤ ጉድለቱ ያለው በንድፉ መሠረት ላይ ስለሆነ በጥገና የሚወገድ አልነበረም። የድርጅቱ ባለቤት ኮሊን ቻፕማን ለአዲስ ንድፍ ገንዘብ ለማውጣት ባለመፍቀዱ፣ ደክዎርዝ የማይድነውን ሲያክም ዕድሜውን መፍጀት አልፈለገምና ሥራውን ለቀቀ።

በ1958 ከሥራ ባልደረባው ከማይክ ኮስቲን ጋር ሆኖ የሁለቱን ስም በማጣመር ኮስዎርዝ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ኮስቲን የሥራ ውል ስለነበረበት ለጥቂት ዓመታት ከሎተስ ሊወጣ አልቻለም፤ የመጀመሪያው ሸክም የወደቀው በደክዎርዝ ላይ ነው። ድርጅቱ ፎርድ አንግሊያ የተባለችውን ተራ መኪና ሞተር እያሻሻለ ለአነስተኛ ውድድሮች በማቅረብ ስምና ገቢ አገኘ።

ታላቁ ዕድል የመጣው የፎርሙላ አንድ ደንብ በተለወጠ ጊዜ ነበር። ከ1966 ጀምሮ በራሱ ለሚተነፍስ ሞተር 3 ሊትር፣ አየር በመሣሪያ ኃይል ለሚገፋለት ሞተር ደግሞ 1.5 ሊትር ተፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ለሎተስ ሞተር ያቀርብ የነበረው ኮቨንትሪ ክላይማክስ ከውድድር ስለወጣ ቻፕማን ባዶ እጁን ቀረ። በዚህ ጊዜ ወደ ደክዎርዝ ተመለሰ። የእንግሊዝ ፎርድ ባለሥልጣን የነበረው ዎልተር ሄይስ ነገሩን ደግፎ ኩባንያው 100,000 ፓውንድ እንዲመድብ አደረገ።

በራሱ የሚተነፍስ ሞተር የሚያገኘው አየር ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የሚስበውን ያህል ብቻ ነው። የሲሊንደሩን መጠን ደንብ ከወሰነው፣ ለንድፍ ሠሪው የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ በየዙሩ የሚገባውን አየር ማብዛትና በሚገባ ማቃጠል፣ እንዲሁም የዙሩን ብዛት መጨመር። ለአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ማድረግ አዲስ ግኝት አልነበረም፤ ፔዦ በ1912 ሠርቶበታል። ደክዎርዝ የጨመረው ቁም ነገር የቫልቮቹን ማዕዘን ማጥበብ ነው። በመግቢያና በመውጫ ቫልቮች መካከል 32 ዲግሪ ብቻ ስለተወ የማቃጠያው ክፍል ጥልቀቱ አነሰ፤ የፒስተኑ አናት ጉብታ ሳያስፈልገው ጠፍጣፋ ለመሆን ተቃረበ፤ እሳቱም ከመሐል ካለችው አንዲት ካንዴላ ተነሥቶ በአጭር መንገድ ተዳረሰ።

ይህን ሐሳብ በቅድሚያ በ1,600 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ፈተነው። ሞተሩ ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ በማውጣቱ፣ ለወራት በቤቱ ተቀምጦ ዲ.ኤፍ.ቪ. የተባለውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነደፈ። የዚህ ሞተር ሌላው ልዩ ጠባይ ራሱ የመኪናው አጥንት መሆኑ ነው። የሎተስ 49 ሻንሲ ከነጂው ጀርባ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የኋላ ጎማዎቹን ጭነት የሚሸከሙት ሞተሩና ካምቢዮው ናቸው። በዚህ ዘዴ ክብደትም ብረትም ተቆጠበ።

ጁን 4 ቀን 1967 በሆላንድ ዛንድቮርት ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር ቀረበ። ግራሃም ሂል ከሁሉ ፊት ሆኖ ሲመራ የካምሻፍት ማርሽ ተሰብሮበት ወጣ፤ ጂም ክላርክ ግን በዚያው ሞተር አሸነፈ። ዓለም ድሉን ሲያወራ ደክዎርዝ የተሰበረውን ማርሽ ሲመረምር ቆየ። የቫልቮቹ ሞላዎች ካምሻፍቱን ወዲያና ወዲህ ስለሚገፉት፣ በማርሾቹ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ጭነት በስሌት ከተገመተው እጅግ ይበልጥ ነበር። ቆየት ብሎ ያገኘው መፍትሔ ማርሹን ማወፈር ሳይሆን ማለዘብ ሆነ። በማርሹ እምብርት ውስጥ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አስገብቶ፣ ድንገተኛው ግፊት ሲመጣ በጥቂቱ እየተጠመዘዙ እንዲያበርዱት አደረገ።

በመጀመሪያው ዓመት ሞተሩ ለሎተስ ብቻ ነበር። ፎርድ ግን ተቀናቃኝ የሌለው ድል ክብር እንደማያመጣ በማየት ከ1968 ጀምሮ ለሌሎችም እንዲሸጥ ወሰነ። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ያለው አነስተኛ ቡድን ሁሉ የታላላቆቹን ፋብሪካዎች ሞተር የሚፎካከር መሣሪያ ገዝቶ መሰለፍ ቻለ። በ1973 የተደረጉትን 15 ውድድሮች በሙሉ ያሸነፉት በዚህ ሞተር የሚነዱ መኪናዎች ናቸው። በጠቅላላው 12 የዓለም የነጂዎች ሻምፒዮና ተገኝቶበታል። በመጀመሪያ 400 ገደማ የነበረው የፈረስ ጉልበትም መጠኑ ሳይጨምር ከ500 በላይ ደረሰ።

ፈተናው የመጣው በ1977 ሬኖ ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር ይዞ በቀረበ ጊዜ ነው። ደክዎርዝ የተቃወመው ቱርቦን ስላልቻለበት አልነበረም፤ ከራሱ ሞተር የተገኘው ዲ.ኤፍ.ኤክስ. የተባለው ቱርቦ ከ1978 እስከ 1987 በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ 500ን አሸንፏል። ክርክሩ በደንቡ ሚዛን ላይ ነበር። የ3 ለ1.5 ንጽጽር የታሰበው ጉልበቱን ከክራንክሻፍቱ ለሚወስድ አየር መግፊያ ነው። ቱርቦ ግን በከንቱ ከሚወጣው ትኩስ ጋዝ በተርባይን ሥራ ስለሚያወጣ፣ በእሱ አስተያየት ከሞተሩ ጋር የተቀጠለ ሁለተኛ ሞተር ነበር። ስለዚህ የሲሊንደር መጠን መለካቱ ቀርቶ ወደ ሞተሩ የሚፈሰው ነዳጅ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። እንዲህ ቢሆን አሸናፊው ከእኩል ነዳጅ የበለጠ ሥራ የሚያወጣው መሐንዲስ ይሆናል።

ሐሳቡ ተቀባይ አላገኘም። የሞተሩ የመጨረሻ የፎርሙላ አንድ ድል በ1983 በዲትሮይት የተገኘው ነው። በ1986 ደንቡ ቱርቦን ብቻ በመፍቀዱ ኮስዎርዝም ቱርቦ ሠርቶ አቀረበ። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ቱርቦ ተከልክሎ በራሱ የሚተነፍሰው ሞተር ለ25 ዓመታት ብቻውን ነገሠ። ደክዎርዝ ግን በዚያው በሰማንያዎቹ ማብቂያ ከድርጅቱ አመራር ተሰናብቶ ነበር። ዲሴምበር 18 ቀን 2005 በተወለደ በ72 ዓመቱ ዐረፈ።

በ2014 የፎርሙላ አንድ ደንብ የነዳጅን ፍሰት በሰዓት 100 ኪሎ ግራም ወሰነ። ደንቡ የተጻፈው ለቱርቦ ሞተሮች ስለነበር፣ የደክዎርዝ መለኪያ ተቀባይነት ያገኘው በራሱ የሚተነፍሰው ሞተር ከውድድሩ በተሰናበተበት ዓመት ነው።