ዶን ቢችና በቁጥር የተሰወረው ቀመር

ኧርነስት ሬይመንድ ቦሞንት ጋንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. በዩናይትድ ስቴትስ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ከቤቱ ወጥቶ በካሪቢያን ባሕርና በደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች ተዘዋወረ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ በተቀመጠ ጊዜ በጉዞው ያከማቻቸውን የደሴት ዕቃዎች ለፊልም ሠሪዎች እያከራየ ይተዳደር ነበር።

የመጠጥ ንግድን የከለከለው ሕግ በ1933 መጨረሻ ሲሻር፣ ጋንት በሆሊውድ ከተማ በማክካደን ጎዳና ጠባብ ክፍል ተከራይቶ መጠጥ ቤት ከፈተ። ስሙንም ባሕር ተፍቶ የጣለውን እየለቀመ የሚኖር ሰው ለማለት ዶንስ ቢችኮምበር አለው። ቤቱ በ1937 ከመንገዱ ማዶ ወደሚገኝ ሰፊ ስፍራ ተዛውሮ፣ ምግብ ቤትም ተጨምሮበት፣ ዶን ዘ ቢችኮምበር ተባለ። ባለቤቱም ከጊዜ በኋላ ስሙን በሕግ አስለውጦ ዶን ቢች ሆነ። ሰውዬው ለቤቱ ስም እንዳወጣ፣ ቤቱም በተራው ለሰውዬው ስም አወጣለት።

የቤቱ ዝና ከአሠራሩ የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ውስኪ ሲወደድ ሩም ግን ርካሽና የተትረፈረፈ ነበር። ዶን ከልዩ ልዩ ደሴቶች የመጡ የሩም ዓይነቶችን በአንድ ብርጭቆ አዋሕዶ፣ ሎሚ፣ ግሬፕፍሩት፣ ቀረፋና ሌላም ቅመም በልክ ጨመረበት። ከእነዚህም ዞምቢ የተባለው እጅግ ብርቱ ስለ ነበረ ለአንድ ሰው ከሁለት ብርጭቆ በላይ አይሰጥም ነበር። ከዚህም ሌላ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ዘርግቶ ነበር። ውጪ ዝናብ የጣለ የመሰለው እንግዳ መሄዱን ትቶ ሌላ ብርጭቆ ያዝዛል።

ይሁን እንጂ ፖሊኔዥያ የተባለው ነገር አብዛኛው የዶን ፈጠራ ነበር። ሩሙ የካሪቢያን ሲሆን፣ ምግቡም በብዛት ከካንቶን ቻይናውያን ማዕድ የተወሰደ ነበር። በፖሊኔዥያ ሕዝቦች ዘንድ የአማልክትና የአያት ቅድመ አያት ምስል የሆነው ቲኪ፣ በእርሱና እርሱን በተከተሉት ቤቶች የግድግዳ ጌጥና የመጠጥ ዕቃ ሆነ። ከተከታዮቹም ዋናው፣ ኋላ ትሬደር ቪክ የተባለው የኦክላንዱ ቪክቶር በርጀሮን ነበር።

አስመሳዮች ሲበዙ ዶን ቀመሩን መሰወር ጀመረ። ቅመሞቹን አስቀድሞ ቀላቅሎ በጠርሙስ ይሞላና በላዩ ቁጥር ብቻ ይጽፍበታል። መጠጥ ቀጂው ከዚህ ቁጥር ይህን ያህል፣ ከዚያ ቁጥር ያን ያህል መጨመሩን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም። ስለዚህ ወደ ሌላ ቤት ቢኮበልል ይዞት የሚሄደው ምስጢር አልነበረም።

ቀመሩን እንዲህ የጠበቀ ሰው ስሙን ግን መጠበቅ አልቻለም። የንግድ ሸሪኩና ባለቤቱ የነበረችው ሰኒ ሰንድ በ1940 ከተፋቱ በኋላ ድርጅቱን ይዛ አስፋፋችው፤ ቅርንጫፎቹም ከጊዜ በኋላ እስከ 16 ደረሱ። እርሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል አገልግሎ፣ የተሳፈረበት መርከብ ተመትቶ ቆሰለ። ካገገመም በኋላ በጣሊያንና በፈረንሳይ የአብራሪዎችን ማረፊያዎች አስተዳደረ። ከጦርነቱ ሲመለስ በዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች ውስጥ በዶን ዘ ቢችኮምበር ስም የመነገድ መብት አልነበረውም። ሃዋይ ግን እስከ 1959 ድረስ ሙሉ ግዛት አልሆነችም ነበርና፣ ወደዚያ ተሻግሮ በዋይኪኪ የራሱን ቤት ከፈተ። ኢንተርናሽናል ማርኬት ፕሌስ የተባለውን የገበያ ስፍራ በ1950ዎቹ ሲያቋቁም፣ ቢሮውን በታላቅ የባንያን ዛፍ ላይ ሠራ።

የሆሊውዱ ቤት በ1985 ተዘጋ። ዶን ቢችም በ1989 ሆኖሉሉ ውስጥ ዐረፈ። የመጀመሪያው የዞምቢ አቀማመም ለብዙ ዓመታት ግምት ብቻ ሆኖ ቆየ። ጄፍ ቤሪ የተባለ ጸሐፊ በቤቱ ይሠራ የነበረ ሰው በ1937 የያዘውን ማስታወሻ አገኘ፤ ዳሩ ግን ማስታወሻውም ቢሆን በስውር ስም የተሞላ ነበር። የጠርሙሶቹን ይዘት የሚያውቁ አረጋውያን ሠራተኞችን እያፈላለገ ጠይቆ፣ ከመካከላቸው አንዱ ግሬፕፍሩትና የቀረፋ ሽሮፕ ብቻ መሆኑን ደረሰበት፤ ውጤቱንም በ2007 አሳተመ።

ዶን የሥራውን ፍሬ ከነጣቂ ለመከላከል መነሣቱ አያስወቅሰውም፤ ምስጢሩም በሕይወት ሳለ ጠቅሞታል። ነገር ግን ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስ ተወዳዳሪን ከተተኪ ለይቶ አያውቅም። ሥራው ለትውልድ የተረፈው ባለቤቱ በዘረጋው ጥበቃ ሳይሆን፣ አንድ ሠራተኛ በኪሱ ይዞት በነበረው ማስታወሻና በጥቂት አረጋውያን ትውስታ ነው።