የማይስቀው ኮሜዲያን፦ በስተር ኪተን (1895–1966)

ስለ ድምፅ አልባ ፊልም ወሬ ሲነሳ አብዛኞቻችን አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የቻርሊ ቻፕሊን ስም ነው። አይፈረድብንም፤ ባርኔጣውና ከዘራው ዓለምን አዳርሰዋልና። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ እዚያው ሆሊውድ ውስጥ፣ ከቻፕሊን እኩል የሚጠቀስ፣ እንዲያውም በፊልም አሠራር ይበልጠዋል የሚሉ ብዙ ባለሙያዎች ያሉት ሌላ ኮሜዲያን ነበር። እሱም በስተር ኪተን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ሕይወት፣ በተለይም በሙያው ውስጥ ያደረጋቸውን ምርጫዎች በአጭሩ ለመዳሰስ እሞክራለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ኪተን በብዛት የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። ድምፅ መጣና እንጀራውን ቀማው ይባላል፤ በቃ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የሰውየውን ሕይወት ቀረብ ብሎ ላየው ከማይክሮፎን በፊት የመጣ አንድ ፊርማ አለ።

መድረክ ላይ ያደገ ልጅ

ሙሉ ስሙ ጆሴፍ ፍራንክ ኪተን ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 1895 ፒኳ በምትባል ትንሽ የካንሳስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆና እናቱ ማይራ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚሠሩ የመድረክ ሰዎች ስለነበሩ ልጃቸውንም ገና በሕፃንነቱ መድረክ ላይ ይዘውት ወጡ። በወቅቱ ቮድቪል የሚባለው ዝግጅት ዘፈን፣ ጭፈራ፣ አክሮባትና ቀልድ ተቀላቅሎ በአንድ ምሽት የሚቀርብበት ነበር። «ሦስቱ ኪተኖች» በሚል ስም ቤተሰቡ ያቀርበው የነበረው ትርዒት አባት አልታዘዝ ያለውን ልጁን ለመቅጣት እያነሳ የሚወረውርበት ነው። ልጁ አንዴ መጋረጃው ላይ፣ አንዴ ሙዚቀኞቹ ወደሚቀመጡበት ይወረወራል። በተለይ ኒውዮርክ ውስጥ ለሕፃናት መብት የሚቆረቆሩ ሰዎች ቤተሰቡን ደጋግመው ከሰዋል። ልጁ ግን አወዳደቅን እንደ ሙያ ተማረው።

ሌላም ነገር ተማረ። ወድቆ ሲነሳ እሱ ራሱ ከሳቀ ተመልካቹ ብዙም አይስቅም። ፊቱን ቅጭም አድርጎ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲነሳ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ዕድሜ ልኩን የታወቀበት ያ የማይስቅ ፊት የተገኘው ከዚህ ነው። ትወና ያስተማረው ተመልካቹ ነው ማለት ይቻላል።

ከ250 ዶላር ወደ 40 ዶላር

እ.ኤ.አ. በ1917 መጀመሪያ ላይ የአባቱ መጠጥ ስለበዛ የቤተሰቡ ቡድን ፈረሰ። ሰክሮ ልጅ መወርወር ቀልድ አይደለማ! የ21 ዓመቱ ኪተን ግን ሥራ አላጣም፤ ኒውዮርክ በሚገኝ ታዋቂ ትያትር ቤት በሳምንት 250 ዶላር ሊሠራ ተዋዋለ። ልምምዱ ሳይጀመር በፊት ታዋቂው ኮሜዲያን ሮስኮ አርባክል ፊልም ወደሚሠራበት ስቱዲዮ ጎራ አለ። እዚያ ያየው ካሜራ ልቡን ሰረቀው። አንዱን ካሜራ ተውሶ ወስዶ ፈታትቶ እንዴት እንደሚሠራ አጥንቶ መልሶ ገጠመው ይባላል። ከዚያ ያደረገው ነገር ዛሬም ያስገርማል፤ የትያትር ቤቱን ውል አስቀርቶ በሳምንት 40 ዶላር አርባክል ዘንድ ተቀጠረ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፊልም ያኔ የተከበረ ሙያ አልነበረም። ብዙ የመድረክ ሰዎች ይንቁት ነበር። ኪተን ግን መድረክ ላይ የማይቻለው ነገር ካሜራ ፊት እንደሚቻል በአንድ ቀን ገባው። እውነተኛ ባቡር፣ እውነተኛ ወንዝ፣ እውነተኛ ቤት የቀልድ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልምሎ ፈረንሳይ ደርሶ በ1919 ተመለሰ። አንድ ጆሮው እዚያ ተጎድቶበታል።

የራሱ ስቱዲዮ

እ.ኤ.አ. በ1920 ፕሮዲዩሰሩ ጆሴፍ ሼንክ ቀደም ሲል ቻፕሊን ይሠራበት የነበረውን ስቱዲዮ ለኪተን ሰጠው። እስከ 1923 ድረስ 19 አጫጭር ፊልሞች፣ ከዚያም እስከ 1928 ድረስ 10 ረጃጅም ፊልሞች ሠራ። በዘመኑ ሚዛን እንኳን ሲታይ ብዙ ነው።

የአሠራሩ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች የሚገርም ነው። የተጻፈ ስክሪፕት አልነበረውም። እሱና ጥቂት የቀልድ ጸሐፊዎቹ ተሰብስበው የታሪኩን መነሻና መድረሻ ይፈልጋሉ፤ መካከሉ በሥራው ላይ ይመጣል። ሐሳብ ከጠፋ ደግሞ ሥራው ይቆምና ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ ሲጫወቱ ሐሳቡ ይመጣል። ሰዓት የሚቆጥርባቸው አለቃ አጠገባቸው የለም።

ከዚህ ነፃነት የወጡት ሥራዎች ዛሬም ይታያሉ። በ1924ቱ «ሸርሎክ ጁኒየር» አንድ የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ፊልም እያሳየ እንቅልፍ ይወስደውና በሕልሙ ስክሪኑ ውስጥ ይገባል። በዚህ ፊልም ሥራ ላይ ከባቡር ውኃ መሙያ የወረደ ኃይለኛ ውኃ ሐዲዱ ላይ ጥሎት አንገቱ ተጎዳ፤ አጥንቱ ተሰብሮ እንደነበር ያወቀው ከዓመታት በኋላ በራጅ ነው። በ1928ቱ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ደግሞ የአንድ ቤት ግንብ ሙሉ በሙሉ ላዩ ላይ ይወድቅና እሱ የቆመበት ቦታ በትክክል ከመስኮቱ ክፍተት ጋር ስለገጠመ ይተርፋል። ግንቡ ከባድ፣ ክፍተቱም ከትከሻው ብዙም የማይሰፋ ነበር። የካሜራ ተንኮል የለውም። ትንሽ ፈቀቅ ቢል ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባበቃ።

ትልቁ ሥራው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተፈጸመ እውነተኛ የባቡር ጠለፋን መነሻ ያደረገው «ዘ ጄኔራል» ነው። በ1926 ኦሪገን ውስጥ እውነተኛ ባቡር የሚቃጠል ድልድይ ላይ ነድተው ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ለዚያ አንድ ትዕይንት ብቻ 42,000 ዶላር ገደማ እንደወጣ ይነገራል። ምን ዋጋ አለው! ፊልሙ በ1927 አሜሪካ ውስጥ ሲታይ ተመልካቹ ቀዘቀዘበት፣ ሐያስያኑም አጣጣሉት። ከስረው የነበሩት ባለገንዘቦች ከዚህ በኋላ ኪተንን እንደልቡ መልቀቅ ፈሩ።

ፊርማው

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ስቱዲዮው በኪተን ስም ይጠራ እንጂ ባለቤቱ እሱ አልነበረም። ቻፕሊን ፊልሞቹ በእጁ ነበሩ፤ ሃሮልድ ሎይድም የራሱን ኩባንያ አቋቁሟል። ኪተን ግን የገንዘቡን ነገር ለሼንክ ትቶ እሱ ሥራው ላይ ነበር። ስለዚህ ሼንክ በ1928 ስቱዲዮው ይዘጋ፣ አንተም ወደ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ግባ ሲለው የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ቻፕሊንም ሎይድም እንዳይፈርም መክረውታል። እሱም አመንትቷል። በመጨረሻ ግን ፈረመ።

በዚያን ጊዜ ለሚያየው ፊርማው ሞኝነት አይመስልም። ኩባንያው የሆሊውድ ትልቁ ነው። በሳምንት 3,000 ዶላር ይከፈለዋል። ሚስትና ሁለት ልጆች፣ ትልቅ ቤትም አለው። ማን እምቢ ይላል? የመጀመሪያው ፊልም «ዘ ካሜራማን» ጥሩ ስለነበር ውሳኔው ትክክል መስሎም ነበር።

ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተቀየረ። ስክሪፕቱ በብዙ ሰዎች እጅ አልፎ ተጽፎ ይመጣለታል። አደገኛ ትዕይንት ራሱ እንዳይሠራ ተከለከለ። የቀልድ ጸሐፊዎቹም ተበተኑ። የሚገርመው ኪተን ድምፅን አልጠላም ነበር፤ በ1929 የሠራውን «ስፓይት ማሬጅ» በድምፅ ልሥራው ብሎ ጠይቆ እምቢ ያለው ስቱዲዮው ነው። በኋላ በድምፅ ሲሠራ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚያናግር ጽሑፍ ሰጡት። ፊልሞቹንም ለውጭ ገበያ በስፓኒሽና በሌሎች ቋንቋዎች ደግሞ መሥራት ነበረበት፤ ቋንቋውን ሳያውቅ ድምፁን ብቻ እየሸመደደ። ከለፍላፊው ኮሜዲያን ጂሚ ዱራንቴ ጋርም አጣመሩት፤ ሁለቱ የማይገጥሙ ነበሩ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው እነዚያ ደካማ ፊልሞች ጥሩ ገንዘብ ማስገባታቸው ነው። ስለዚህ ኪተን ሲያማርር የሚሰማው አጣ። መጠጥ ውስጥ ገባ፤ ትዳሩ በ1932 ፈረሰ፤ የልጆቹ የቤተሰብ ስም ሳይቀር ወደ እናታቸው ስም ተቀየረ። በ1933 ኩባንያው አባረረው።

ከዜሮ በታች

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለአንድ ታላቅ አርቲስት ውርደት ሊባል ይችላል። በትንሽ በጀት አጫጭር ፊልሞች ሠራ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ አባረረው ኩባንያ ተመልሶ በሳምንት 100 ዶላር ለሌሎች ኮሜዲያን ቀልድ ጸሐፊ ሆነ። የሠራላቸውም የማርክስ ወንድማማቾችና ሬድ ስከልተን ነበሩ። በ1940 ዳንሰኛዋን ኤሊኖር ኖሪስን አገባ፤ ያቺ ሴት እስከ ሞቱ አልተለየችውም።

ኪተን ግን ሥራ አልናቀም። ፓሪስ ሄዶ ሰርከስ ውስጥ ሠራ። ቴሌቪዥን ሲመጣ የሲኒማ ሰዎች እንደ ጠላት ሲያዩት እሱ ቶሎ ገባበት፤ በ1949 በሎስ አንጀለስ ቴሌቪዥን የራሱን ዝግጅት ጀመረ። ማስታወቂያም ሠራ። በ1952 በቻፕሊን «ላይምላይት» ውስጥ ሁለቱ ታላላቆች በአንድ መድረክ ታዩ። በዚያው ዘመን የቀድሞ ቤቱን የገዛው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን እዚያ ተረስተው የተቀመጡ የፊልም ቅጂዎችን አገኘ። ፊልሞቹ እንደገና መታየት ጀመሩ። በ1960 የክብር ኦስካር ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት በወጣው ግለ ታሪኩም ያንን የ1928 ውል የሕይወቱ ትልቁ ስህተት አድርጎ ቆጥሮታል። በ1965 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 በ70 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር አረፈ። ያ የቀዘቀዘው «ዘ ጄኔራል» በ1989 የአሜሪካ መንግሥት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ 25 ፊልሞች አንዱ ሆነ።

ማጠቃለያ

በ1917 ኪተን ትልቁን ደመወዝ ትቶ ትንሹን መረጠ፤ ያገኘው ካሜራውን ነው። በ1928 ትልቁን ደመወዝ መረጠ፤ ያጣው ካሜራውን ነው። ሁለቱም ጊዜ ኢንዱስትሪው እየተቀየረ ነበር። ለውጡ በራሱ አልገደለውም፤ ከለውጡ ጋር ራሱ እንዲታገል ዕድል ሲነፈግ ነው የወደቀው። በቴሌቪዥን ዘመን ዕድሉን ሲያገኝማ ከወጣቶቹ ቀድሞ ተነሳ።

ከዚህ ዲፓርትመንት ወጥተን ወደ ሥራ የምንገባ ሁላችን አንድ ቀን ውል ይቀርብልናል። መድረኩ ወደ ስክሪን፣ ስክሪኑም ወደ ስልክ በተቀየረበት ጊዜ ምን እንደምንፈርም ማንም አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም። ደመወዙን መጠየቅ ነውር የለውም፤ መብላት አለብና። ነገር ግን ሥራው ሲጠናቀቅ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ፣ ፊልሙስ በማን እጅ እንደሚቀር ብዕሩን ከማንሳታችን በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። ኪተን ይህንን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።