ሰር ክሪስቶፈር ሬንና የሕንፃ ሥራ መሪ ተገቢ ዋጋ

በሕንፃ ሥራ ሙያ ውስጥ ላለን ሰዎች ሁሉ ከውል ወደ ውል፣ ከሹመት ወደ ሹመት እየተከተለ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሥራን የሚመራ፣ ግንበኛውንና አናጢውን የሚያስተባብር፣ ሒሳቡን የሚጠብቅና ሕንፃው ጉድለት ቢገኝበት በኃላፊነት የሚጠየቅ ሰው ድካሙ በምን ይመዘናል የሚለው ነው። ጠራቢው በጠረበው ድንጋይ ብዛት፣ ግንበኛው ባቆመው ግድግዳ ልክ ሊከፈላቸው ይችላል። የመሪው ሥራ ግን በሜትር አይለካም። ከሥራው የሚበልጠው ክፍል ስሕተት እንዳይደርስ መከላከል ስለሆነ፣ በሚገባ በተሠራ ጊዜ ለዓይን አይታይም። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ የተሰጠውን ተቀብሎ ዝም ሲል፣ ሌላው የባልንጀራውን ደመወዝ እያየ ሲያጉረመርም ይኖራል፤ ሚዛኑን ግን ሁለቱም አላገኙትም።

ጥያቄው በእኛ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሠሩት የእንግሊዙ መሐንዲስ ሰር ክሪስቶፈር ሬን በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ኖረዋል። የሕንፃቸው ውበት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። የደመወዛቸው ታሪክ ግን የሚታወሰው ጥቂት ነው፤ ለማኅበራችን አባላት የሚጠቅመውም ምናልባት ይኸኛው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሬን የተወለዱት በእኛ አገር አፄ ፋሲል በነገሡበት በ1632 ነው። አባታቸው የዊንዘር ቤተ ክርስቲያን አለቃ ነበሩ። ልጅየው በኦክስፎርድ ተምረው፣ ገና በወጣትነታቸው በለንደን ግሬሻም ኮሌጅ የሥነ ፈለክ መምህር ሆኑ። በ1661 ደግሞ በኦክስፎርድ ከፍተኛውን የሥነ ፈለክ ወንበር ያዙ። የእንግሊዝ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር የተመሠረተውም በ1660 እሳቸው ባስተማሩበት ዕለት ከትምህርቱ በኋላ በተደረገ ስብሰባ ነው። ወደ ሕንፃ ሥራ የገቡት እንግዲህ ከድንጋይ ቤት ወጥተው ሳይሆን ከሒሳብና ከከዋክብት ጥናት ተነሥተው ነው።

የመጀመሪያው የሥራ ግብዣ የመጣላቸው በ1661 ገደማ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በሰሜን አፍሪቃ የምትገኘውን የታንጀርን ወደብ ምሽግ እንዲመሩላቸው ጠየቋቸው። የቀረበላቸው ጥቅም የሚናቅ አልነበረም። መልካም ደመወዝ፣ ከማስተማር ሥራቸው ፈቃድ፣ ከዚያም በላይ የንጉሡ የሕንፃ ሥራዎች ኃላፊነት ባለሥልጣኑ ሲሞቱ ወደ እሳቸው እንደሚተላለፍ ተስፋ ተሰጣቸው። ሬን ግን ጤናዬ አይፈቅድም ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ይህ ውሳኔ አንድ ነገር ያሳየናል። አንድ የሥራ ግብዣ ሲመዘን ደመወዙ ብቻውን አይታይም፤ የሚሠራበት ቦታ፣ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና የሚያስተወው ሌላ ሥራም በሚዛኑ ላይ ይወጣሉ።

በመስከረም 1666 ለንደን ተቃጠለች። እሳቱ በአምስት ቀን ውስጥ ከ13,000 በላይ ቤቶችን፣ 87 አብያተ ክርስቲያናትንና አሮጌውን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በላ። በ1669 ሬን የንጉሡ የሕንፃ ሥራዎች ዋና ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የዩኒቨርሲቲ ወንበራቸውን ለቀቁ። ካቴድራሉንና ከ50 የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናትን እንደገና የማነጽ ሥራ በእሳቸው ላይ ወደቀ። ገንዘቡ የሚገኘው ወደ ለንደን በሚገባው የድንጋይ ከሰል ላይ ከተጣለ ቀረጥ ነበር። ብዙ ጊዜ ከተነደፈና ከተለወጠ በኋላ የካቴድራሉ ንድፍ በ1675 ጸደቀ፤ የመጀመሪያውም ድንጋይ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ተቀመጠ። ለዚህ ሥራ የተቆረጠላቸው ደመወዝ በዓመት 200 ፓውንድ ነበር።

ይህ 200 ፓውንድ ምን ምን እንደሚያሠራ መመልከት ያስፈልጋል። ሬን ንድፍ ሠርተው የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። ድንጋዩ ከፖርትላንድ ደሴት በመርከብ ሲመጣ ይከታተሉ ነበር። ከግንበኞች አለቆች ጋር ይዋዋሉ፣ የተሠራውን ያስለኩ፣ ሒሳቡን ይፈርሙ፣ የሹማምንቱንና የካህናቱን ጉባኤ ያስረዱ ነበር። ጉልላቱ ከፍ እያለ በሄደ ጊዜም በእርጅናቸው ሳይቀር በቅርጫት ተስበው ወደ ላይ ይወጡ ነበር። የሕንፃው ጫፍ ከመሬት 111 ሜትር ከፍታ እንዳለው ስናስብ፣ የዚያ ቅርጫት ገመድ ዋጋ በደመወዙ ውስጥ መቆጠሩን እንጠይቃለን።

ሬን ለሌሎች የሚከፈለውን ዋጋ ሲመዝኑ ግን እጅግ ጠንቃቃ ነበሩ። በ1681 በኦክስፎርድ ስለሚሠራ አንድ ግንብ ለከተማይቱ ጳጳስ በጻፉት ደብዳቤ ላይ ሠራተኛን የማሠሪያ ሦስት መንገዶችን ዘርዝረዋል። እነሱም በቀን ሒሳብ፣ በልኬትና በቁርጥ ዋጋ ናቸው። የቀን ሒሳብ ሠራተኛው ሲለግም ለመለየት ይረዳል። ልኬት እያንዳንዱን የሥራ ክፍል ገልጦ ስለሚያሳይ፣ ምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ለማወቅ ያስችላል። ቁርጥ ዋጋ ግን ሁለቱም ወገኖች ሥራውን አጥብቀው ካላወቁት አደገኛ ነው። ባልለመደው ሥራ ላይ ዋጋ የቆረጠ ተቋራጭ ራሱን ይጎዳል፤ መጎዳቱን ባወቀ ጊዜም ኪሳራውን ለማዳን ሥራውን ያበላሻል። ስለዚህ ሬን የመረጡት ልኬትን ነው። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። በሬን አስተሳሰብ ተገቢ ዋጋ ማለት አሠሪው ያልተታለለበት ብቻ ሳይሆን ሠሪውም ያልተጎዳበት ነው። ሠሪው የተጎዳበት ዋጋ በመጨረሻ ሕንፃውን ይጎዳዋልና።

ለግንበኛው እንዲህ በጥንቃቄ ያሰቡት ሰው ለራሳቸው ይህን ሚዛን የሚይዝላቸው አላገኙም። ሥራው ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሲሆነው የፓርላማው ትዕግሥት አለቀ። በ1697 የከሰሉን ቀረጥ ዘመን የሚያራዝም ሕግ ሲወጣ፣ ካቴድራሉ እስኪፈጸም ድረስ የሬን ደመወዝ እኩሌታ እንዲያዝ ተደነገገ። ምክንያቱም መሐንዲሱ ሥራውን በትጋት እንዲያፋጥኑ ለማበረታታት ነው ተባለ።

መዘግየቱ ግን ከሬን ስንፍና የመጣ አልነበረም። ቀረጡ በየጊዜው የሚገባ እንጂ በአንድ ጊዜ የሚገኝ ገንዘብ ስላልነበረ ሥራው በገቢው ልክ ይራመድ ነበር። ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ጦርነት የመርከቦቹን ጉዞ አውኮታል። በ1696 ደግሞ በፖርትላንድ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ድንጋዩ የሚጫንበትን መንገድና ወደብ አበላሸ። እንግዲህ በመሐንዲሱ እጅ ባልሆነ ነገር የመሐንዲሱ እንጀራ ታሰረ። በዛሬ ውሎች ውስጥም ክፍያን ከሥራ ፍጻሜ ጋር የሚያስተሳስር አንቀጽ የተለመደ ነው፤ በራሱም ክፉ አይደለም። ነገር ግን የፍጻሜው ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ የተጻፈ እንደሆነ ማበረታቻ መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል።

ሬን ሥራውን አልተዉም። በዚያው በ1697 መጨረሻ ላይ ባለቀው ክፍል የመጀመሪያው ጸሎት ተደረገ። በ1708 የጉልላቱ ጫፍ የመጨረሻ ድንጋይ በተቀመጠ ጊዜ እሳቸው 76 ዓመት ሞልቷቸው ስለነበር ድንጋዩን ያስቀመጡት ልጃቸው ናቸው። ሆኖም ሕንፃው አልቋል ብሎ የሚፈርደው መሐንዲሱ ሳይሆን ጉባኤው ነበር። ጉባኤው ደግሞ በዚያ ዘመን ስለ አጥሩ ብረትና ስለ ውስጡ ሥዕል ከሬን ጋር ይከራከር ስለነበር፣ ፍጻሜው እስከ ክርክሩ ፍጻሜ ድረስ ተጓተተ። አዛውንቱ መሐንዲስ አቤቱታቸውን ለንግሥት አን፣ ከዚያም ለፓርላማው አቀረቡ። በ1711 ፓርላማው ካቴድራሉ እንደ ተፈጸመ ቆጥሮ፣ 14 ዓመት ያህል ተይዞ የነበረው ውዝፍ እንዲከፈላቸው አዘዘ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 79 ይጠጋ ነበር።

እውነቱን ሳናጋንን ለመናገር ሬን የተራቡ ሰው አልነበሩም። ከካቴድራሉ ሌላ የንጉሡ የሕንፃ ሥራዎች ኃላፊነት ደመወዝና በሹመታቸው የሚኖሩበት ቤት ነበራቸው። በ1708 ንግሥት አን በሐምፕተን ኮርት አጠገብ የሚገኘውን ቤት ለ50 ዓመት ሰጥተዋቸዋል። በ1713 ደግሞ በዎሪክሻየር አውራጃ ርስት ገዝተዋል። የግሪኒች የመርከበኞች መጦሪያ ሕንፃን ያለ ደመወዝ እስከ መምራት የደረሱትም ሌላ ገቢ ስለነበራቸው ነው። ስለዚህ የእሳቸውን 200 ፓውንድ የሚመለከት ሰው ከኋላው ያለውን ቤት፣ ሹመትና መጠለያ አብሮ ማየት አለበት። ደመወዝን ከጥቅማ ጥቅም ለይቶ ማወዳደር የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው።

ይኸው ስሕተት በሬን ዘመንም በሌላ ባለሙያ ላይ ጉዳት አድርሷል። መሐንዲሱ ጆን ቫንብሩ የብሌንሃይምን ቤተ መንግሥት ለማርልቦሮው መስፍን ይሠሩ ነበር። የመስፍኑ ባለቤት ሣራ ቫንብሩ የሚጠይቁት ደመወዝ በዝቶባቸው፣ ሬን በሳምንት ብዙ ጊዜ በቅርጫት እየተጎተቱ በ200 ፓውንድ ረክተው ሲኖሩ ይህኛው ስለ ምን ይበልጥ ይፈልጋል እያሉ ይከራከሩ ነበር። የሬን ትሕትና በሌላ ሰው ራስ ላይ በትር ሆነ ማለት ነው። ቫንብሩም በ1716 ከሥራው ወጥተው፣ ቀሪ ገንዘባቸውን ለማግኘት ብዙ ዓመታት ደክመዋል። የሚያስገርመው ደግሞ እኚሁ እመቤት በለንደን የሚኖሩበትን ቤት ሬን እንዲሠሩላቸው አድርገው ሳለ፣ ተቋራጮች ሽማግሌውን ያታልሏቸዋል ብለው ጠርጥረው አሰናበቷቸው። በርካሽ ዋጋ የተመሰገነ ሰው በዚያው ርካሽነቱ ሳይከበር ቀረ።

የመጨረሻው ምዕራፍም ሐዘን አለበት። ንጉሥ ጆርጅ ቀዳማዊ ከነገሡ በኋላ በ1718፣ ሬን በ85 ዓመታቸው ለ49 ዓመት ከያዙት የንጉሡ የሕንፃ ሥራዎች ኃላፊነት ተሻሩ። በቦታቸው የተተኩት ዊልያም ቤንሰን በችሎታ ሳይሆን በወገን የተሾሙ ሰው ነበሩ። ቤንሰን ብዙ ሳይቆዩ የመሳፍንት ምክር ቤት ሕንፃ ሊወድቅ ነው የሚል መግለጫ አቀረቡ። ሌሎች ባለሙያዎች መርምረው ሕንፃው ጤናማ መሆኑን ስላረጋገጡ በ1719 ከሥራ ተባረሩ። የመሐንዲስን ዕውቀት ዋጋ ያልመዘነ አሠሪ ልዩነቱን በድንጋጤ ተማረ። ሬን ግን ወደ ሐምፕተን ኮርት ቤታቸው ተመልሰው በጥናት ኖሩ። በየካቲት 1723 በ90 ዓመታቸው ዐርፈው፣ በሠሩት ካቴድራል ምድር ቤት ተቀበሩ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ካቴድራሉ ከ700,000 ፓውንድ በላይ ፈጅቷል። ከ1675 እስከ 1711 ባሉት 36 ዓመታት ውስጥ በዓመት 200 ፓውንድ ቢታሰብ ድምሩ 7,200 ፓውንድ ነው፤ ይህም ከወጪው አንድ በመቶ ያህል መሆኑ ነው። በተከታዩ መቶ ዓመት የእንግሊዝ አርክቴክቶች ከሥራው ዋጋ አምስት በመቶ መቀበልን ልማድ አደረጉ። ሁለቱን ስናስተያይ ሬን በአነስተኛ ዋጋ መሥራታቸው ግልጽ ይሆናል። በመቶኛ መከፈልም የራሱ እንከን አለበት፤ ወጪ በጨመረ ቁጥር የመሪው ገቢ ይጨምራልና። ነገር ግን የሥራው ክብደት ከሚያድግበት ነገር ጋር ዋጋው አብሮ የሚያድግበት መንገድ ሊኖር እንደሚገባ ያመለክታል።

ከሬን ሕይወት የምንወስደው ሚዛን እንግዲህ ይህ ነው። የሕንፃ ሥራ መሪ ዋጋ የሚመዘነው በሚሸከመው ኃላፊነት፣ በሚያጠፋው ዘመን፣ በሰውነቱ ላይ በሚደርሰው አደጋና በቃሉ በሚያድነው ገንዘብ ነው። ከደመወዙ ጋር ቤቱ፣ ሕክምናውና የእርጅና ዋስትናው አንድ ላይ ይቆጠራሉ። የሚያዝበት ክፍያ ካለም በእጁ ባለ ነገር ላይ ብቻ ይሁን፤ ሥራው ማለቁን የሚፈርደውም ክፍያውን የያዘው ወገን ብቻ አይሁን።

ሌላም አለ። ከመካከላችን አንዱ ከሚገባው በታች ተቀብሎ ዝም ቢል ጉዳዩ የግሉ ብቻ መስሎ ይታየው ይሆናል። የሬን 200 ፓውንድ ግን በቫንብሩ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። የአንድ ባለሙያ ውል ከፊርማው በኋላ የሙያው መለኪያ ይሆናል። ይህን ማሰብ፣ ከእኛ በኋላ ወደ መወጣጫው ለሚወጡት ወጣቶች ያለብን ዕዳ ነው።